ዶክተር ቅርፊት እና አሥራ አንዱ ጥዶች

በየሰፈሩ ማንም ያልሾመው አንድ ሐኪም አይጠፋም። አንዱ ሰፈር የመኪና ሞተር ከሩቅ ሰምቶ «ይሄ ሰውዬ ዳገቱን አይጨርሳትም» የሚል ይደርሰዋል። ሌላው የሰው ዓይን እያየ ስለ ጉበት የሚናገር ይደርሰዋል። መምህርቷ ለምትኖርበት ሰፈር የደረሰው ግን የዛፍ ሐኪም ነበር። እንደ እውነቱ ከሆነ ሰፈሩ ስንት ዛፍ እንዳለው ራሱ ያወቀው እኚህ ሰው ከተነሡ ወዲህ ነው።

ሙያቸው አናጢነት ነው። አርባ ዓመት በር፣ ቁም ሣጥንና የተማሪ ዴስክ ሲሠሩ ኖረው፣ ወርክሾፓቸውን በዘጉ ማግስት «ከሞተ እንጨት ጋር የነበረኝ ጉዳይ አለቀ» ብለው ወደ ሕያው እንጨት ዞሩ። ልጆች «ዶክተር ቅርፊት» አሏቸው። ትልልቆቹም ለቀልድ ያህል ከወገባቸው ጎንበስ እያሉ «ክቡር ዶክተር፣ እንደምን አደሩ» ማለት ጀመሩ። ዓመታት ሲያልፉ ቀልዱ ተረሳና አክብሮቱ ብቻ ቀረ።

ክቡርነታቸው አጭር፣ ራሰ በራ ናቸው። ከወርክሾፑ የተረፈ ግራጫ ጋውን ይለብሳሉ። በግራ ኪሳቸው ጭብጥ የምታህል የእንጨት መዶሻ፣ በቀኝ ኪሳቸው ጫፏን በሞረድ የሳሏት የሻይ ማንኪያ፣ በአንገታቸው በሲባጎ የታሰረ ማጉያ መነጽር አለ። መጋዙ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ከብብታቸው አይለይም። ዛፍ ዘንድ ሲደርሱ መጀመሪያ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። ከዚያ የሰው ቤት እንደሚንኳኳ ሦስት ጊዜ በመዶሻዋ ያንኳኩና ጆሯቸውን ግንዱ ላይ ይለጥፋሉ። «ሰው አለ» ካሉ ዛፉ ጤነኛ ነው። «ቤቱ ባዶ ነው» ካሉ ግን ባለዛፉ ደንግጦ የሚቀመጥበት ወንበር መፈለግ ይጀምራል።

መድኃኒት ቤት ያለው ሰውዬ እግሩ ተሰብሮ የተኛ ጊዜ ሊጠይቁት ሄዱ። ብርቱካን ይዘው፣ ጫማቸውን ጠርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የገቡት። ተቀምጠው ግን ዓይናቸው ከመስኮቱ አልነቀል አለ። በሽተኛው ስለ ሕመሙ ሩብ ሰዓት ካወራ በኋላ ረጅም ትንፋሽ አወጡና፣

«እግርህስ ይድናል» አሉት። «እኔን ያሳሰበችኝ ይቺ ሎሚ ናት።»

ሎሚዋ ቅጠሏ ላይ ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ነገር ለብሳ ነበር። ወጡ፣ በጨርቅ አንድ በአንድ ጠረጓት፣ ተመልሰው ገብተው እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያም «ይሄ የላይ ላይ ነው፤ ነፍሳት ከላይ የሚጥሉትን ጣፋጭ ነገር የሚልስ ሻጋታ ነው፤ ሥጋዋን አልነካም» ብለው ለባለሎሚው የማጽናኛ ቃል ተናገሩ። ስለ እግሩ ሌላ ነገር ሳይሉ ሄዱ።

የፀጉር አስተካካዩም ነገር አለ። ደጁ ላይ ካለው ትልቅ ባሕር ዛፍ ሥር ወንበር አውጥቶ ነው የሚሠራ። ዶክተር አንድ ቀን አንኳኩ፣ ሰሙ፣ እንደገና አንኳኩ።

«ወንበርህን ወደ ግድግዳው አስጠጋ» አሉት።

«ምነው ዶክተር፣ ጥላውን ቀኑብኝ?»

«ቤቱ ባዶ ነው።»

«ቀና ብለው ይዩት እስቲ። እንዲህ የለመለመ ዛፍ?»

«ለምለሙን እያየሁት ነው። አንኳኩቼ የሰማሁትን ነው የምነግርህ።»

ፀጉር አስተካካዩ ለደንበኞቹ እየተረከ ለሦስት ሳምንት ሳቀ። ወንበሩን ግን፣ ለማንኛውም ብሎ፣ ወደ ግድግዳው አስጠጋ። አንድ ቅጠል እንኳ በማይንቀሳቀስበት ሰኞ ጠዋት ባሕር ዛፉ ካለ ምንም ማስጠንቀቂያ ከጉልበቱ ተሰብሮ፣ ወንበሩ የነበረበት ቦታ ላይ ተኛ። ውስጡ ሲታይ እንደ ሻገተ ዳቦ በእጅ ይፈረፈራል። ፀጉር አስተካካዩ በዚያው ዕለት ዶክተርን ዕድሜ ልካቸውን በነጻ ሊያስተካክላቸው ማለ። ሰውዬው ራስ ላይ አንድም ፀጉር እንደሌለ ያስታወሰው ከማለ በኋላ ነው።

መምህርቷ ይህን ሁሉ የምታየው ከአጥር ወዲህ ሆና ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳይንስ አስተምራ በጡረታ የወጣች፣ ጽሑፏ የተስተካከለ፣ ንግግሯ የተለካ ሴት ናት። ቤቷ ከዶክተር ቤት የሚለየው በአንድ ቆርቆሮ ነው። ከቆርቆሮው አጠገብ አንዲት ኮክ አለቻት፤ በዚህች ኮክ ምክንያት ነው ሁለቱ ለዓመታት የተከራከሩት። ዶክተር ኮኳን በቆርቆሮው ቀዳዳ እያዩ ይመረምራሉ፤ መምህርቷ ደግሞ ሐኪሙን ትመረምራለች።

«መምህርት፣ ሰው ሲታመም እንደ ጠባዩ ነው» ይላሉ ዶክተር ከወዲያ ማዶ። «ዛፍም ሻጋታ ሲይዘው እንደ ዘሩ ነው። ይቺ ኮክዎ ጯሂ ናት። ቅጠሏ ይጨማደዳል፣ ይቀላል፣ ያብጣል፤ ጎረቤት ሁሉ ይሰማላታል። ግን አትሞትም። የወደቀውን ቅጠል ለቅመው ያቃጥሉላት፣ በሚመጣው ዓመት ታፍርበታለች።»

«እሺ፣ ሌላውስ?»

«ጥድ አልቃሽ ነው። ሙጫውን ጠብ ጠብ ያደርጋል፣ አንድ ቅርንጫፍ ያደርቃል፣ ከዚያ ሁለተኛውን። እንባውን ያላየለት ሰው ድንገት ሞተ ይላል። ባሕር ዛፍ ኩራተኛ ነው፣ ሲሞት እንኳ ቆሞ ነው፤ ፀጉር አስተካካዩን ይጠይቁ።»

«ወይራስ?»

«ወይራን ሄዶ ማየት ነው እንጂ አይወራላትም።»

መምህርቷ እንዲህ ያለ ወሬ አትወድም። ሳይንስን በጠባይ ማስረዳት፣ ለእሷ፣ ፈተና ላይ ሥዕል እየሣሉ መልስ ከመዝለል አይለይም። «ዶክተር፣ ፈንገስ ጠባይ አያይም» ትላለች። «ምግቡን ነው የሚያይ።»

«ልክ ነዎት» ይላሉ፤ ቀጥ ብለው ይቆሙና ክፍል ውስጥ እንደተጠየቀ ልጅ በአንድ ትንፋሽ ይወጡታል። «ፈንገሶች አረንጓዴ ሐመልማል ስለሌላቸው የራሳቸውን ምግብ አያዘጋጁም፤ ስለዚህ ከሌሎች ሕያዋን ወይም ከሞቱ አካላት ያገኛሉ።»

ይህን ስትሰማ መምህርቷ ሁልጊዜ ትገረማለች። አባባሉ የድሮው መጽሐፍ አባባል ነው፤ ያ ቡናማ ሽፋን ያለው፣ ወረቀቱ የጭቃ ቀለም የነበረው መጽሐፍ። በዚያ ዘመን ተማሪው ሁሉ በአንድ ድምፅ ሲለው የክፍሉ መስኮት ይነዝር ነበር።

«ከየት አመጡት?»

«ከመጽሐፍ ነዋ» ይላሉ ዶክተር አንገታቸውን ደፍተው፤ ከዚያ ወሬ ይለውጣሉ።

መምህርቷ የወደቀውን የኮክ ቅጠል ለቅማ ያቃጠለችው ዶክተር ከቤት በወጡበት ሰዓት ነው። በተከታዩ ዓመት ኮኳ ንጹሕ ቅጠል አወጣች። ዶክተር በቀዳዳው አይተው ምንም አላሉም። ምንም አለማለታቸው አናደዳት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ወይራዋን ሊያሳዩአት ወሰዷት። ወይራዋ ከድሮው ወፍጮ ቤት ጀርባ ናት። ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማይዞራት፣ ግንዷ በአንድ ጎን እንደ በር የተከፈተ፣ ዕድሜዋን ማንም የማያውቅ ዛፍ። ዶክተር ኮፍያቸውን አውልቀው ጎንበስ ብለው ገቡ። ከውስጥ «ይግቡ፣ ቤት ነው» አሉ።

መምህርቷ በስድሳ ሦስት ዓመቷ ዛፍ ውስጥ ገባች። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ ዝናብ የነካው አሮጌ መጽሐፍ ይሸታል። ከአናት በኩል በአንዲት ስንጥቅ ብርሃን ይወርዳል። ግድግዳውን ስትነካው ቡናማው እንጨት በጣቷ መካከል ዱቄት ሆነ።

«ይሄን ሁሉ የበላው ሻጋታ ነው» አሉ ዶክተር፤ ሰው የተኛበት ክፍል እንደገቡ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ከአያቶቻችን በፊት ጀምሮ ሲበላ የኖረ። ግን ያስተውሉ፣ የዛፍ መሐሉ ድሮውንም ኑሮ የለውም፤ ኑሮዋ ከቅርፊቷ ሥር ባለው ዳር ላይ ነው። ይቺ ሴትዮ የሞተውን ክፍሏን ለቀቀችለት። በሕያው ክፍሏ ፊት ግን አጥር አጠረች። ዛፍ እንደኛ ቁስሉ አይሽርለትም፤ የታመመውን ቦታ አጥሮ በዙሪያው አዲስ ይሠራል። አንዳንዱ አጥሩ ጠንካራ ነው፣ አንዳንዱ እንደ ሸንበቆ አጥር ነው፣ ሻጋታው ገፍቶት ያልፋል። የወይራን አጥር ያጠረ ግን እጁ ይባረክ።»

እጇን ይዘው የግንዱ መክፈቻ ጠርዝ ላይ አስቀመጡላት። ሕያው የሆነው ክፍል የእጇን ስፋት አይሞላም። ከላይ ግን ቅጠሉ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ፍሬው ጠቁሮ ይታያል። መምህርቷ ሠላሳ ዓመት «ፈንገስ እንጨትን ያበሰብሳል» ብላ ጽፋ ከሰሌዳው አጥፍታለች። እንጨቱ ምን መልስ እንደሚሰጥ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃ አታውቅም ነበር። ወደ ቤት ስትመለስ በጣቶቿ መካከል የቀረውን ቡናማ ዱቄት አላራገፈችም።

ከዚያ በኋላ ነው የጥዶቹ ነገር የመጣው።

በትምህርት ቤቱ አጥር ርዝመት አሥራ አንድ ጥዶች በሰልፍ ቆመዋል። መምህርቷ ማስተማር በጀመረች በሁለተኛው ዓመት ከአምስተኛ ክፍል ተማሪዎቿ ጋር የተከለቻቸው ናቸው። ለአንድ ጥድ ሦስት ልጅ ተመድቦ፣ በቆርቆሮ ጣሳ ውኃ እያመላለሱ ነው ያሳደጓቸው። እነዚያ ልጆች ዛሬ የልጆች እናትና አባት ሆነው በየአገሩ ተበትነዋል፤ ሲደውሉላት ከጤንነቷ ቀጥሎ የሚጠይቁት ጥዳቸውን ነው። ሰባተኛው ጥድ የዶክተር ሴት ልጅና የሁለት ጓደኞቿ ነበር። ልጅቷ ሩቅ ከተማ ነርስ ናት።

መጀመሪያ ያለቀሰው ሰባተኛው ነው። ከአንድ ቅርንጫፍ ሥር ሙጫ ወረደ፤ ቅርንጫፉ እሳት እንደገረፈው ቀላ። ዶክተር ሲያዩ ቀለማቸው ተለወጠ። መሰላል አምጥተው ቅርንጫፉን በመጋዛቸው ቆረጡት፣ ቁስሉን ከወርክሾፑ በተረፈ አረንጓዴ የበር ቀለም ቀቡት። በዚያ አልበቃቸውም። «እንደ ክትባት ይሆናል» ብለው፣ ሁለት ቀን ሙሉ፣ ከአንደኛው እስከ አሥራ አንደኛው የጥዶቹን የታች ቅርንጫፎች እየገነደሱ ቁስላቸውን አረንጓዴ ቀቡት። ሰፈሩም ወጥቶ አመሰገናቸው። መምህርቷ ራሷ መሰላሉን ይዛላቸዋለች።

ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ፀሐይ ስትመለስ ጥዶቹ በየአረንጓዴው ቀለም ጠርዝ ሙጫ ያነቡ ጀመር። ስድስቱ ግማሽ አካላቸው ቀላ፤ ሦስቱን በሽታው ገና መጀመሩ ነበር። ከማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ መጥቶ በሰልፉ ፊት ካለፈ በኋላ በአሥራ አንዱም ግንድ ላይ በነጭ ቀለም መስቀለኛ ምልክት አደረገ።

«ተላላፊ ነው» አለ። «ሰኞ ሁሉም ይቆረጣሉ።»

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ዶክተር በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ መዶሻቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ እስኪመሽ አልተነሡም። ፀጉር አስተካካዩ «ነፋሱ ነው ያመጣው፣ ዶክተር» ሲላቸው ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

ዓርብ ጠዋት መምህርቷ ደብተርና እርሳስ ይዛ ወጣች። የፈተና ወረቀት እንደምታርም በጥዶቹ ፊት አንድ በአንድ አለፈች። አንደኛ፣ ታሟል። ሁለተኛ፣ ታሟል። ሦስተኛ፣ ብሷል። አራተኛው ዘንድ ስትደርስ ቆመች። አራተኛው ከእግር እስከ ራሱ አረንጓዴ ነው። ቀለም የተቀባ ቁስልም የለበትም። ያኔ ትዝ አላት፤ አራተኛው ላይ ተርብ ቤት ሠርቶ ስለነበር ዶክተር መሰላሉን አላስጠጉም። ወደ ዘጠነኛው ሮጠች ማለት ይቻላል። ዘጠነኛው ላይ ጫማ ሠሪው የጥላ ሸራውን ስላሰረበት፣ «የሰው ጎጆ አላፈርስም» ብለው ያለፉት ነው። እሱም ጤነኛ ነው። በግራና በቀኝ ያሉት ሲያለቅሱ እሱ አንድ እንባ የለውም።

ነፋስ ቢሆን ዘጠነኛውን አይዘልለውም ነበር። የታመሙትን ሁሉ በየተራ የነካ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በከረጢት ተጠቅልሎ ከሰውዬው ብብት ሥር ይውላል።

ቤቷ ገብታ ቡናማውን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አወረደች። ስለ ፈንገሶች የሚናገረው ምዕራፍ መጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከእንጉዳዩ ሥዕል ሥር፣ በደቃቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ማስታወሻ። የታመመ ተክል የተቆረጠበት መሣሪያ በእሳት ወይም በአልኮል ሳይጸዳ ጤነኛ ተክል አይቆረጥበትም።» መምህርቷ መነጽሯን አወለቀች። ይህን ገጽ ታውቀዋለች። በየዓመቱ እዚህ ስትደርስ የፈተናው ሳምንት ይደርስባት ነበር። የራሷን ድምፅ፣ የወጣትነት ድምጿን፣ ጥርት አድርጋ ሰማችው፤ «ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም፣ እለፉት።»

ለመናገር አንድ ሌሊት አመነታች። አለመናገር ቀላል ነበር፤ ጥዶቹ ይቆረጣሉ፣ ነፋሱ ይወቀሳል፣ ሰውዬው ክቡር ዶክተር እንደሆኑ ይኖራሉ። ግን አራተኛውና ዘጠነኛው ምንም ሳይነካቸው አብረው ይሄዳሉ። ገና የጀመራቸው ሦስቱም ይሄዳሉ። ቅዳሜ ጠዋት ሄዳ በራቸውን ሦስት ጊዜ አንኳኳች።

መጋዙን በሞረድ እየሳሉ ነበር ያገኘቻቸው። መጽሐፉን ገልጣ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው፤ ጣቷን ከማስታወሻው ሥር አደረገች። አንብበው ሲጨርሱ እንደገና አነበቡ።

«አራተኛውን አልነካሁትም» አሉ በመጨረሻ፤ ማንም ሳይነግራቸው።

«ዘጠነኛውንም።»

«ከሰባተኛው ነው የጀመርኩት።» መጋዙን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡ፣ እንደሚፈነዳ ዕቃ። «በገዛ እጄ እየዞርኩ ነው ያስያዝኳቸው። ከዚያ ደግሞ በቀለም ደፈንኩት፤ ወጥቶ እንዳይተነፍስ፣ ተመችቶት እንዲበላ።»

ተነሡ፤ ከመሣሪያ ሣጥናቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። አሮጌ የተማሪ ደብተር ነው፤ ሽፋኑ በሙጫ ደጋግሞ ተለጥፏል። መምህርቷ ስትገልጠው የገዛ ትምህርቷን አገኘች። የሰሌዳው ሥዕሎቿ፣ ቀስቶቿ፣ በልጅ እጅ የተጻፈው «ፈንገሶች አረንጓዴ ሐመልማል ስለሌላቸው» የሚለው ሁሉ አለ።

«ልጄ ማታ ማታ ወርክሾፕ መጥታ ጮክ ብላ ታጠና ነበር» አሉ። «እኔ እንጨት እየላግሁ እሰማለሁ። እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። የማውቀው ሁሉ ከዚህ ነው። መጽሐፍ የምልዎት ይሄ ነው፤ ከእርስዎ ነው የተማርኩት ለማለት አፍሬ ነው።»

መምህርቷ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ከእንጉዳዩ ሥዕል ሥር ልጅቷ በጥንቃቄ ጽፋለች፦ «ማስታወሻ የሚለውን እለፉት ብለዋል ቲቸር።»

ደብተሩን ዘግታ ላስቲኩ ላይ አስቀመጠችው።

«እንግዲህ ጥፋቱ የሁለታችን ነው» አለች መምህርቷ።

«እርስዎ መጋዝ አልያዙም።»

«እርስዎም ገጽ አልዘለሉም።»

ሰኞ ጠዋት የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች የሞተር መጋዝ ይዘው መጡ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ቆሟል። ዶክተር ግራጫ ጋውናቸውን አጥበው፣ ተኩሰው ለብሰው ነበር። ኮፍያቸውን አውልቀው በተቆጣጣሪው ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ ይሄ በሽታ በራሱ እግር አልሄደም» አሉ፣ ፀጉር አስተካካዩም፣ መድኃኒት ቤት ያለውም፣ ጫማ ሠሪውም እየሰሙ። «ያዞርኩት እኔ ነኝ። በዚህ መጋዝ።»

«አባባ፣ በዝናብም ይተላለፋል እኮ።»

«ይተላለፋል። ግን ና እስቲ።»

ማንኪያዋን ከአልኮል ጠርሙስ ነክረው ጠረጉ። የሦስተኛውን ቅርፊት ከሙጫው አጠገብ ትንሽ ፋቁት፤ ሥሩ ቡናማ፣ የደረቀ ነው። ማንኪያዋን እንደገና ነከሩ፣ እንደገና ጠረጉ። የአራተኛውን ፋቁት፤ ሥሩ እርጥብ፣ ነጣ ብሎ አረንጓዴ ነው። ተቆጣጣሪው ጎንበስ ብሎ አየ። ወደ ዘጠነኛው ሄዱ። እሱም እንዲሁ። ከዚያ ገና የጀመራቸውን ሦስቱን አሳዩት፤ ቁስሉ ከቅርንጫፉ ወጥቶ ግንድ አልደረሰም።

ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጥቂት አሰበ። «አምስቱን ላስቀር እችላለሁ» አለ። «ሦስቱ በንጹሕ መጋዝ ከጤነኛው ቦታ ተገንድሰው፣ በየወሩ እየታዩ። ግን ምክንያት መጻፍ አለብኝ። ምን ብዬ ልጻፍ፣ አባባ?»

«ያልታጠበ መጋዝ ብለህ ጻፍ።»

«ስምዎንም ልጻፍ?»

«ዶክተር ቅርፊት ብትል ሁሉም ያውቀዋል።»

አንድም ሰው አልሳቀም። ፀጉር አስተካካዩ ቆቡን አወለቀ።

ስድስቱ ተቆረጡ። ሰባተኛው ሲወድቅ ዶክተር ፊታቸውን አላዞሩም። ግንዱ በአግድም ሲቆረጥ ግን ሰው ሁሉ ሳይጠራ ተሰበሰበ። ቀለበቶቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ ተሰድረዋል፤ መምህርቷ በእርሳሷ ጫፍ ከመሐል ወደ ዳር ቆጠረች፣ ሠላሳ አራት። የመጀመሪያዎቹ ሰፋፊ ናቸው፤ በጣሳ ውኃ ሲያመላልሱለት የነበሩባቸው ዓመታት ናቸው። በአንድ ወገን፣ ከአረንጓዴው ቀለም ሥር፣ ቡናማ ጥቁረት እንደ ሽብልቅ ወደ ውስጥ ገብቷል። የጥቁረቱን ዳር ዳር ደግሞ በቀጭን እርሳስ የተሠመረ የመሰለ ጥቁር መስመር ይዞታል። በሁለት በኩል ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በሦስተኛው በኩል ተጥሷል።

«ይሄ አጥሩ ነው» አሉ ዶክተር በጣታቸው ሳይነኩት እያሳዩ። «ሲያጥር ነበር። እኛ ያለቅሳል እያልን ስናየው እሱ ሲያጥር ነበር።»

ከሞተር መጋዙ ጋር የመጡት ሰዎች እንኳ ለጥቂት ጊዜ ሞተሩን አጥፍተው አዩ። ከፀጉር የቀጠነ ነገር፣ በዓይን የማይታይ ነገር፣ ይህን የሚያህል ዛፍ እንደጣለ፣ ዛፉም አንድ እግር ሳያነሣ፣ አንድ ድምፅ ሳያሰማ በቆመበት ሲዋጋ እንደኖረ ከዚያ መስመር ላይ ይነበባል። መምህርቷ በሕይወቷ ካየቻቸው ገጾች ሁሉ ብዙ የተጻፈበት ይሄ ነው አለች በልቧ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰፈሩ ዝም አለ። ዶክተር ሦስቱን ጥዶች በንጹሕ መጋዝ ገንድሰው ጨረሱ፤ ከዚያ መጋዙን ሰቀሉ፣ መዶሻዋን ሣጥን ውስጥ ቆለፉ። ለልጃቸው ደውለው እውነቱን ነገሯት አሉ። መድኃኒት ቤት ያለው ሎሚው እንደገና ሲጠቁርበት ደጃቸው ድረስ ሄዶ ሳያንኳኳ ተመለሰ። ሰዎች ዛፋቸውን እያዩ ማን ይጠየቅ ብለው ይቆማሉ። መምህርቷም ጠዋት ጠዋት ከቆርቆሮው አጠገብ ስትቀመጥ ቀዳዳዋ ባዶ ናት። ለዓመታት ያናደዳት ነገር ሲቀር ቀኑ እንዲህ ይረዝማል ብላ አልጠበቀችም።

በሦስተኛው ሳምንት ከወጥ ቤት ጭልፋ አምጥታ ኮኳን መደብደብ ጀመረች። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከወዲያ ማዶ ድምፅ የለም። በማግስቱም ደበደበች። በሦስተኛው ቀን፣ ስድስተኛው ምት ላይ፣ ከቆርቆሮው ጀርባ ጉሮሮ ተጠረገ።

«መምህርት፣ ምን በድላዎት ነው?»

«ሰው መኖሩን እያየሁ ነው።»

«እንደሱ አይንኳኳም። ምሳ ደረሰ እያሏት ነው እኮ።»

«የሚያውቅ ካለ ይምጣ እንግዲህ። እኔ ያስተማሩኝን ነው የማደርገው።»

ጥቂት ቆይቶ የግቢዋ በር ተከፈተ። ዶክተር ግራጫ ጋውናቸውን ለብሰው፣ በአንድ እጅ መዶሻቸውን፣ በሌላው ትንሽ የአልኮል ጠርሙስ ይዘው ገቡ። መዶሻዋን ጠረጉ። ማንኪያዋን ጠረጉ። ከዚያ ጭልፋውን ከእጇ ተቀብለው እሱንም ጠረጉት። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ሦስት ጊዜ አንኳኩ፣ ጆሯቸውን ቀጭኑ የኮክ ግንድ ላይ ለጠፉ። ብዙ ቆዩ፤ ለጤነኛ ዛፍ ከሚበቃው ጊዜ በላይ።

መምህርቷ ኮኳ ምንም እንደሌለባት ከጠዋት ጀምሮ ታውቃለች። ሆኖም መነጽሯን አውልቃ፣ ማንም ቢያያት ግድ ሳይሰጣት፣ በወዲህ በኩል ሄዳ ጆሮዋን ለጠፈች። የዛፉን ነገር አልሰማችም። የሰማችው ከግንዱ ወዲያ ያለውን ትንፋሽ ነው፤ ቀስ ያለ፣ ትንሽ የሚያፏጭ፣ የአርባ ዓመት የእንጨት ብናኝ ያለበት።

«ምን ይሰማዎታል?» አሉ ዶክተር።

«ሰው አለ» አለች መምህርቷ።